ቁጣችን የሚያርፈው በማን ላይ ነው?

ትምህርት 6፦ በሥራ ቤት ውስጥ ስለሚገለጥ ንዴት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስንጨርስ፦
• ንዴትን፣ ቁጣን፣ ኩርፊያንና ቂምን ለይተን እናውቃለን፤
• ቁጣችን አብረውን በሚኖሩ ሰዎች ላይ ምን እንደሚያስከትል እናያለን፤
• ንዴት ሲመጣ ምን ማድረግና እንዴት መናገር እንደምንችል እንለማመዳለን፤
• ትዕግሥት መልስ የማይሆንባቸውን ጉዳዮች እንለያለን።

መግቢያ

ውድ እህታችን፣ ይህ ትምህርት «አትናደጂ» ለማለት የተዘጋጀ አይደለም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥታ እስከ እኩለ ሌሊት በእግሯ የምትቆም ሴት ትናደዳለች። ደመወዟ ሁለት ወር የዘገየባት ትናደዳለች። ስም እያላት በጭብጨባ የምትጠራ ትናደዳለች። በዚህ ማፈር አይገባም። እንዲያውም ንዴት ብዙ ጊዜ እውነት ይናገራል፤ «እዚህ ጋ ትክክል ያልሆነ ነገር አለ» ይለናል።

የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ንዴት ሲወጣ በማን ላይ ያርፋል? አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ። አህያው ይራገጣልና ይፈራል፤ ዳውላው ግን መልስ የለውም፣ ስለዚህ ዱላው እሱ ላይ ያርፋል። በምትሠሪበት ቤት አህያው ማን ነው? ዳውላውስ? ይህን እያሰብሽ ቀጥሎ ያለውን አንብቢ።

1. ስሙን እንለይ

ንዴት ውስጥ የሚሰማ እሳት ነው። ልብ ይመታል፣ ፊት ይግላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮ ይታነቃል። አንቺ ሳትጠሪው ይመጣል።

ቁጣ ንዴት ወደ ውጭ ሲወጣ ነው። ጩኸት፣ ስድብ፣ በር በኃይል መዝጋት፣ ዕቃ ማንኳኳት፣ የልጅ እጅ ጨምድዶ መያዝ ሁሉ ቁጣ ነው።

ኩርፊያ ዝም ያለ ቁጣ ነው። አፍ አይናገርም፤ ፊት ግን ይናገራል።

ቂም ያደረ ንዴት ነው። የዛሬ ስድስት ወር የተባልሽው ቃል ዛሬ የተባልሽ ያህል ሲያቃጥልሽ ቂም ሆኗል ማለት ነው።

ንዴት መምጣቱን አንመርጥም። ከመጣ በኋላ የምናደርገውን ግን ልንመርጥ እንችላለን። ድካም፣ ረሃብና እንቅልፍ ማጣት ሲደራረቡ ይህ ምርጫ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ በቂ መብላትና መተኛት ቅንጦት አይደለም፤ የአንቺንም የቤቱንም ሰላም ይጠብቃል።

2. በተዘጋ ቤት ውስጥ ቁጣ የት ይሄዳል?

በሱቅ ወይም በፋብሪካ የምትሠራ ሴት ስትናደድ ማታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አንቺ ግን የምትሠሪበትም የምታድሪበትም ቤት አንድ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት ቁጣ መውጫ ስለሌለው እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። ሚስተር ሥራው ላይ ተናዶ መጥቶ ማዳም ላይ ይጮኻል፤ ማዳም አንቺ ላይ ትጮኻለች። ከአንቺ በታች ያለው ማን ነው?

ሕፃናት። ሕፃን ልጅ ቃል ከማወቁ በፊት ፊትንና ድምፅን ያውቃል። የለመዳት ሞግዚቱ ፊቷ ሲለወጥ ያለቅሳል፣ አልበላም ይላል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ ደግሞ ወይ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ ይፈራል፣ ወይ ያየውን ይደግማል። የአራት ዓመት ልጅ «ያ ሕማራ» ብሎ ቢሰድብሽ ቃሉን እሱ አልፈጠረውም፤ ከትልልቆቹ ሰምቶ ነው። ልጁ አብዛኛውን ቀን የሚውለው ከአንቺ ጋር ከሆነ፣ ከአንቺም የሚሰማውን እንዲሁ ይይዛል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ጨቅላ ሕፃን ለረጅም ሰዓት ሲያለቅስ ትዕግሥቱ የማያልቅ ሰው የለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጤነኛ ሕፃን እንኳ ምክንያቱ ሳይታወቅ ብዙ ሊያለቅስ ይችላል፤ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ሕፃንን በንዴት መነቅነቅ ግን አንጎሉን ሊያደማ፣ ዓይኑን ሊያጠፋ፣ ሊገድለውም ይችላል። እጅሽ ሲጠነክር ከተሰማሽ ሕፃኑን በአልጋው ላይ በጀርባው አስተኚው፣ ከክፍሉ ወጥተሽ ለጥቂት ደቂቃ ቆዪ፣ ከዚያ ተመለሺ። ደኅና ቦታ የተኛ ሕፃን ጥቂት ደቂቃ ቢያለቅስ አይጎዳም።

አረጋውያን። የመርሳት በሽታ ያለባት አሮጊት አንዱን ጥያቄ ሃያ ጊዜ ትጠይቃለች። «ቦርሳዬን ሰረቅሽኝ» ትላለች፣ ስትታጠብ ትማታለች። በሽታው ነው እንጂ ሆን ብላ አይደለም። የተናገርሻትን ትረሳዋለች፤ ያሳደርሽባት ስሜት ግን ይቀራል። ጠዋት የተጮኸባት አሮጊት ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ስትፈራና ስትረበሽ ልትውል ትችላለች። ማታ ልብስ ልቀይርልሽ ስትያት እምቢ ትላለች። በዚህ መንገድ የጠዋቱ ቁጣ የማታውን ሥራ ያከብድብሻል። «ሰረቅሽኝ» ካለችሽ ከእሷ ጋር አትከራከሪ፤ ዕቃውን አብረሻት ፈልጊ፣ ነገሩን ግን በዚያው ቀን ለልጆቿ በእርጋታ ንገሪ።

አብራሽ የምትሠራ እህት። ከፊሊፒንስ ወይም ከባንግላዴሽ የመጣች ልትሆን ትችላለች፤ ወይም ከአገር ቤት ትናንት የገባች ልጅ ናት። አዲሷ ልጅ ቋንቋ አታውቅም፣ ዕቃውን አታውቅም፤ የሚያስረዳት አንቺ ብቻ ነሽ። ማዳም የጮኸችብሽን በእጥፍ አድርገሽ ብታወርጅባት ልጅቷ መጠየቅ ትተዋለች። መጠየቅ የተወች ሠራተኛ ክሎሮክሱን ከሽንት ቤት ማጽጃው አሲድ ጋር ትደባልቃለች፤ ከዚያ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የሥራ አደጋ ከቁጣ ሊነሣ ይችላል የምንለው ለዚህ ነው።

ከስልክ ማዶ ያሉት። ከአገር ቤት በኢሞ ይደወላል። ወንድምሽ ለባጃጅ መግዣ ብር ይፈልጋል፤ ያለፈው ብር ደግሞ ለታሰበው እንዳልዋለ ትሰሚያለሽ። ስልኩን ዘግተሽ ወጥ ቤት ስትገቢ ልጁ ጭማቂ ይደፋል። ያን ጊዜ የምትቆጪው ቁጣ የጭማቂው አይደለም። አንዳንዴም ነገሩ ይገለበጣል፤ ማዳም ያስመረረችሽን በእናትሽ ላይ ታፈሻለሽ። እናትሽ ከዚያ ሆና ምንም ልታደርግ ስለማትችል ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች። ችግርሽን ደብቂ ማለታችን አይደለም። ከመደወልሽ በፊት ረጋ በዪ ማለታችን ነው።

አንቺ ራስሽ። የማዳም ጩኸት በቤቱ ውስጥ «ደክሟት ነው» ይባላል። የአንቺ ጩኸት ግን «ታስፈራለች፣ ልጆቼን አላምናትም» ይባላል። ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ነገር ግን በብዙ ቤት ያለ ነው። ስልክ ይወሰዳል፣ በር ይቆለፋል፣ ወደ መክተብ ይደወላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እውነተኛው በደል መረሳቱ ነው። «ደመወዜን አልሰጡኝም» ብለሽ የጀመርሽው ጉዳይ «ሳህን ሰበረች» ተብሎ ያልቃል። ያን ቀን ማንም ስለ ደመወዝሽ አይናገርም፤ ሁሉም ስለ ሳህኑ ይናገራል። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፣ በንዴት የወጣ ዛቻ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። «አሳይሻለሁ» ያልሽው ቃል ፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

3. ኩርፊያና የማንግባባባቸው ምልክቶች

አገር ቤት ስንቀየም እናኮርፋለን። ሰው ያባብለናል፤ ካልሆነም ጎረቤት ወይም ሽማግሌ መሃል ገብቶ ያስታርቀናል። በአሠሪ ቤት ግን የሚያባብል ጎረቤት የለም። ሦስት ቀን ዝም ያልሽባት ማዳም ማኩረፍሽን ላታውቅ ትችላለች። «ታማለች»፣ «ልትጠፋ ነው»፣ «የሆነ ነገር አስባለች» ብላ ትፈራለች፤ የፈራች አሠሪ ደግሞ በር ትቆልፋለች። ምግብ ትቶ ማኩረፍ የሚጎዳው የሚያኮርፈውን ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ሌላ ቁጣ ሳይኖር ቁጣ የሚመስሉ ነገሮች አሉ። ጥቂቶቹን እንወቅ።

• እኛ ስንገሠጽ አንገት መድፋትና ዓይን መስበር አክብሮት ነው። ለብዙ አሠሪዎች ግን መናቅ ወይም መደበቅ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ቀና ብለሽ እያየሽ «ሐዲር» ማለት ነገሩን ያበርደዋል።
• ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለው ለእኛ መስማማት ነው። ለማያውቅ ሰው መደንገጥ ወይም መሰላቸት ይመስለዋል። በድምፅ «ነዓም» በዪ።
• በሊባኖስና በሶርያ ሰዎች ቅንድብ ወይም ራስ ወደ ላይ አንሥቶ በምላስ «ጭ» ማድረግ «አይሆንም» ማለት ነው። ንቀት አይደለም።
• ጣቶችን ሰብስቦ ወደ ላይ አቁሞ እጅን ማወዛወዝ «ቆዪ፣ ታገሺ» ማለት ነው። ዛቻ አይደለም።
• በአንዳንድ ቤት ወንድምና እህት ቡና እየጠጡ እንኳ ጮክ ብለው ያወራሉ። ድምፁ ከፍ ስላለ ብቻ ቁጣ ነው አትበዪ፤ መጀመሪያ ቃሉን ስሚ። ካልገባሽ «ማ ፈሂምት፣ ሽወይ ሽወይ» በዪ። «አልገባኝም፣ ቀስ ብለሽ» ማለት ነው።

4. ንዴት ሲመጣ

አንደኛ፣ እጅሽን ባዶ አድርጊ። ቢላዋ ይዘሽ ከሆነ አስቀምጪ። ዘይት እየጋለ ከሆነ እሳቱን አጥፊ። ካውያውን ከሶኬቱ ንቀይ። ሕፃን ታቅፈሽ ከሆነ አስተኚው።

ሁለተኛ፣ ቦታ ቀይሪ። በብዙ ቤት ለአንቺ የሚዘጋ በር ያለው የመታጠቢያ ክፍል ብቻ ነው። ገብተሽ ፊትሽንና እጅሽን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ።

ሦስተኛ፣ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። ወደ ውጭ የምታስወጪው ትንፋሽ ከምታስገቢው ይርዘም። አሥር ጊዜ ድገሚው። የምትጸልይ በየእምነቷ አጭር ጸሎቷን ከትንፋሿ ጋር ታድርስ። የጋለ ሰውነት ወዲያው አይበርድም፤ ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ መልስ አትስጪ።

አራተኛ፣ ራስሽን ጠይቂ። ዛሬ በልቻለሁ? ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ? ይህ ንዴት የዛሬ ነው ወይስ የቆየ? ያናደደኝ ይህ ፊቴ ያለው ሰው ነው ወይስ ሌላ?

አምስተኛ፣ ጻፊው። በትንሽ ደብተር ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሆነውን በአንድ ወይም በሁለት መስመር አስፍሪ። የተጻፈ ነገር ጭንቅላትሽን ያቀልልሻል፤ በኋላ አቤት ለማለት ብትፈልጊም ማስረጃ ይሆንሻል።

5. ንዴቱን ወደ ባለቤቱ በቃል ማድረስ

«ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት በንዴት ሰዓት ይሠራል። ለሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ ያልተነገረ በደል ቂም ይሆናል፣ ቂም ደግሞ አንድ ቀን በልጁ ወይም በአሮጊቷ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ንዴትሽን ዳውላው ላይ ከማሳረፍ ይልቅ ጉዳዩን ለባለቤቱ አድርሺ።

ሰዓቱን ምረጪ። እንግዳ ባለበት፣ በልጆች ፊት፣ ማዳም ከሥራ እንደገባች፣ በረመዳንም ከማፍጠሪያው በፊት ባለው ሰዓት አትጀምሪ። ቤቱ ጸጥ ሲል «ማዳም፣ ሙምኪን አተከለም መዓኪ?» ብለሽ ጠይቂ። «ላናግርሽ እችላለሁ?» ማለት ነው።

ከዚያ ሦስት ነገር ብቻ ተናገሪ፤ ምን ሆነ፣ እኔን ምን አደረገኝ፣ ምን እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ።

«ሁልጊዜ ታሠቃዪኛለሽ፣ አንቺ ልብ የለሽም» ከማለት፦
«ማዳም፣ ትናንት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ሠርቻለሁ። ዛሬ በጣም ደክሞኛል። ልብሱን ነገ ጠዋት ልተኩሰው?»

«ሌቦች ናችሁ፣ ብሬን በሉት» ከማለት፦
«ማዳም፣ የሁለት ወር ደመወዝ አልደረሰኝም። ቤተሰቤ ኪራይ አለባቸውና ተጨንቄያለሁ። በየትኛው ቀን ትሰጪኛለሽ?»

«ሁልጊዜ» እና «በፍጹም» የሚሉ ቃላት ጸብ ይጠራሉ፤ ቀንና ቁጥር ግን መልስ ይጠይቃሉ። የአረብኛው ቃል ምርጫም ይረዳል። በሊባኖስ «አና ዛዕላኔ»፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች «አና ዛዕላና» ስትዪ «ተከፍቻለሁ፣ አዝኛለሁ» ማለትሽ ነው። ከስድብም ከዝምታም ይልቅ ሰው ይሰማዋል።

አስቀድመሽ ከተቆጣሽ ደግሞ ነገሩ አላበቃም። ልጅ ላይ ጮኸሽ ከሆነ ዝቅ ብለሽ በዓይኑ ትክክል ሆነሽ ይቅርታ ጠይቂው፤ «ጥፋቱ የአንተ አይደለም» በዪው። ይቅርታ መጠየቅ አያሳንስሽም። ልጁም ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ማየቱ ትምህርት ይሆነዋል።

6. ትዕግሥት መልስ የማይሆንባቸው ጉዳዮች

እስካሁን የተናገርነው ስለ ዕለት ተዕለት ንዴት ነው። ድብደባ፣ በግድ መነካት ወይም መደፈር፣ ምግብ መከልከል፣ በቤት ውስጥ መታሰር፣ ደመወዝ መያዝ ግን «ታገሺ» የሚባልባቸው ጉዳዮች አይደሉም። በእነዚህ መናደድሽ ትክክል ነው። ንዴቱ ጉልበት ይሁንሽ፤ ጉልበቱን ግን ዕቃ በመስበር አትጨርሺው፤ እርዳታ ለመጥራት ተጠቀሚበት።

መብትሽን ማወቅ ንግግርሽን ያረጋጋል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ፣ ፓስፖርቷም በእጇ እንዲሆን ይላል። ይህን ስምምነት ያላጸደቁ አገሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በ2022 ያወጧቸው የቤት ሠራተኞች ሕጎች ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን ይሰጣሉ። በሊባኖስ የሥራ ሕጉ የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም፤ በ2009 የወጣው አንድ ወጥ የሥራ ውል ግን የሳምንት ዕረፍትን ይጨምራል። በወረቀት ያለው ሁሉ በየቤቱ እንደማይፈጸም እናውቃለን። ቢሆንም «ሳምንታዊ ዕረፍት በውሌ ላይ አለ» ብላ በእርጋታ የምትናገር ሴትና ምሬቷን የምትጮኽ ሴት እኩል አይደመጡም።

አደጋ ላይ ከሆንሽ በመጽሔቱ የኋላ ሽፋን ላይ ባሉት ስልኮች ደውዪ፣ ወይም የምታምኛት እህት እንድትደውልልሽ መልእክት ላኪ። የምትኖሪበትን ሕንፃና ሰፈር ስም አስቀድመሽ ለአንድ ሰው ንገሪ። ንዴቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ራስሽን እንድትጎጂ የሚገፋፋ ሐሳብ ካመጣብሽ ብቻሽን አትሁኚ፤ ሌሊትም ቢሆን ለአንድ ሰው ንገሪ። እንዲህ ያለው ሐሳብ በብዙዎች ላይ ይመጣል፤ ያልፋልም።

የውይይት ጥያቄዎች

በእሑድ ስብሰባችሁ ወይም በስልክ ከጓደኛሽ ጋር ተወያዩባቸው።

1. ስናደድ ሰውነቴ መጀመሪያ የሚነግረኝ በምንድን ነው? በእጄ፣ በሆዴ ወይስ በድምፄ?
2. በምሠራበት ቤት ቁጣ ከማን ይጀምራል? ወደ ማንስ ይወርዳል? ከእኔ በታች ያለው ማን ነው?
3. አኩርፌ የተፈታልኝ ጉዳይ አለ? ተናግሬ የተፈታልኝስ?
4. ቁጣ መስሎኝ በኋላ ቁጣ ያልሆነ ምልክት ወይም ቃል ገጥሞኛል?
5. ከአገር ቤት የሚመጣው ስልክ በሥራዬ ላይ ምን ያደርጋል? ለመደወል የሚሻለው ሰዓት የቱ ነው?
6. ከመካከላችን አንዷ «ከዚህ በላይ ትዕግሥት አይሆንም» የምትልበት ደረጃ ላይ ብትደርስ ሌሎቻችን ምን እናደርጋለን?

የሳምንቱ ልምምድ

ለሰባት ቀን በየማታው ሦስት ነገር ጻፊ፤ ዛሬ ምን አናደደኝ? ንዴቴ በማን ላይ አረፈ? የጉዳዩ ባለቤት ማን ነበር? በሰባተኛው ቀን ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መልስ ጎን ለጎን አንብቢ። ስሞቹ ከተለያዩ ከመካከላቸው አንዱን ጉዳይ ምረጪ፤ በቁጥር 5 እንዳየነው በሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጅተሽ ለባለቤቱ ተናገሪ። መናገሩ የሚያሰጋሽ ከሆነ መጀመሪያ ለእኛ ወይም ለምታምኛት እህት ንገሪ።

በሚቀጥለው ትምህርት ደመወዝን ስለ መመዝገብና ደረሰኝ ስለ መያዝ እንማራለን። ደብተርሽን አትርሺ።